«ተሃድሶ ነው የምማረው» ስላት እናቴ ደነገጠች

እሑድ ጠዋት ነበር፤ በእነሱ ደግሞ ወደ ማታ። እንደ ልማዴ ኮምቦልቻ ደወልኩ። እናቴ ጤናዬን፣ አበላሌን፣ ብርዱን አንድ በአንድ ጠይቃ ስትጨርስ «ትምህርቱስ?» አለችኝ።

«ደህና ነው እማዬ። ዋናው ያው አካውንቲንግ ነው። አሁን ደግሞ ማይነር መርጫለሁ።»

«ምን መረጥክ?»

«ተሃድሶ።»

ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሚመስል አኳኋን፣ «ልጄ፣ ሃይማኖትህን ቀየርክ እንዴ?» አለችኝ።

ሳቄን እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ የሃይማኖት ነገር እንዳልሆነ ሳስረዳት አጠገቧ የነበረው አጎቴ ስልኩን ተቀበላት። እሱ የፈራው ሌላ ነበር። የበኩር ልጁ በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ከጓደኞቹ ጋር ተይዞ «ተሃድሶ» ገብቷል። ካምፕ ከርሞ ሲወጣ «አይደገምም» የሚል ካናቴራ አልብሰው ነው የሸኙት። ካናቴራው እስከ ዛሬ አጎቴ ቤት የወለል መወልወያ ሆኖ ያገለግላል። «እዚያም አገር ተሃድሶ አለ?» አለኝ አጎቴ። «ምን አድርጋችሁ ነው?»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ቃል ነው። እኛ አገር «ተሃድሶ» ሲባል አንዱ መናፍቅ፣ ሌላው እስር ቤት፣ ሌላው የፓርቲ ስብሰባ ትዝ ይለዋል። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ አንተ ምን መሆን እንዳለብህ ሌላ ሰው ወስኗል። እኔ በዳላስ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚሁ ስም የተማርኩት ትምህርት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ አገኘሁት። ለመረዳት ግን ዓመት ፈጅቶብኛል። ያስረዳኝም ከመምህሮቼ ይልቅ ታናሽ ወንድሜ ነው።

* * *

መጀመሪያ ማይነር ምንድን ነው ለምትሉ፦ የድሮ መምህራን ያውቁታል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የጂኦግራፊ ሜጀር፣ የታሪክ ማይነር ነበር። ዋናው ሙያህ አንድ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ጥቂት ኮርሶች ወስደህ ሁለተኛ ዘርፍ ትቀምሳለህ። የእኔው «የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት» 18 ክሬዲት ነው፤ ስድስት ኮርስ ማለት ነው። ስለ አካል ጉዳት ሕክምናዊና ሥነ ልቦናዊ ጎን፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሥራ ማፈላለግ፣ ስለ ሱስ፣ የአንድን ሰው ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ መከታተል ትማራለህ። በዚህ ብቻ ባለሙያ አትሆንም። አሜሪካ ውስጥ የምስክር ወረቀት ያለው የተሃድሶ አማካሪ ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን መረጥኩት? እውነቱን ልንገራችሁ። በጎ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ስለነበር ከፈረቃዬ ጋር የማይጋጭ ትምህርት ስፈልግ ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ የሚሰጠው ይህ ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር። «ምስኪኖችን መርዳት ምን ይከብዳል?» ብዬ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን መምህራችን በዊልቸር ገባች። ሰላም ብላን ስታበቃ «ዛሬ ወደዚህ ሕንፃ ስትገቡ ስንት ደረጃ ወጣችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ሠላሳ የምንሆን ተማሪዎች ተያየን። የቆጠረ የለም። «ስድስት ነው» አለች። «እኔ ወጥቼው አላውቅም፤ ቁጥሩን ግን ከሁላችሁም በፊት አውቄዋለሁ።»

ከዚያ የነገረችን ነገር የኮርሱ ሁሉ መሠረት ነው። አንድ ሰው ሕንፃ ውስጥ መግባት ካልቻለ ችግሩን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። «እግሩ አይሠራም» ማለት አንዱ ነው፤ «በሩ ደረጃ ብቻ ነው ያለው» ማለት ሌላው። የመጀመሪያውን ካልክ ሰውየውን እስክታድነው ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፤ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ። ሁለተኛውን ካልክ ግን ነገ ጠዋት ግንበኛ ትጠራለህ።

* * *

ይህ አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የወለደው ጦርነት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እጅና እግራቸውን አጥተው ለተመለሱ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1918 የሙያ ማቋቋሚያ ሕግ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ ለሲቪሎችም ተፈቀደ። በ1973 የወጣው የተሃድሶ ሕግ ደግሞ 504 የተባለ አንቀጽ ይዞ መጣ፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ሁሉ ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል።

ሕጉ ጸደቀ እንጂ ማስፈጸሚያ ደንቡ አልወጣም። ዓመታት አለፉ። ይህ ነገር እኛ ዘንድም የታወቀ በሽታ ነው። በሚያዝያ 1977 ከመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የፌዴራል ሕንፃ ገብተው «ደንቡ ካልተፈረመ አንወጣም» አሉ። ጁዲት ሂውማን ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። ሦስት ሳምንት ከምናምን እዚያው አደሩ። የመተንፈሻ መሣሪያ የሚያስፈልገው ነበረ፤ ሰው ካላገላበጠው መተኛት የማይችል ነበረ። ብላክ ፓንተሮች ትኩስ ምግብ ያመላልሱላቸው ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን ደንቡ ተፈረመ።

ዛሬ አንድ አካል ጉዳተኛ ለሥራ መልሶ ማቋቋሚያ ቢሮ ሲያመለክት ቢሮው በ60 ቀን ውስጥ ይገባዋል አይገባውም ብሎ መወሰን አለበት። ይገባዋል ከተባለ በ90 ቀን ውስጥ የግል ዕቅድ ይዘጋጅለታል። ዕቅዱ ውስጥ የሚጻፈውን የሥራ ግብ የሚመርጠው ራሱ ነው። አማካሪው መረጃ ይሰጣል፣ ይመክራል፣ ይከራከራል፤ መራጩ ግን ባለቤቱ ነው። ካልተስማሙ ደግሞ ከቢሮው ጋር የሚሟገትለት ሌላ ፕሮግራም አለ።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ወረፋ አለ፤ ፋይል ይጠፋል፤ አማካሪ ይለዋወጣል። ለአካል ጉዳተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈልን የሚፈቅደው የ1938 ድንጋጌ ከፌዴራል ሕግ እስከ አሁን አልተፋቀም። ቢሆንም አንዲት ነገር ልቤ ውስጥ ቀረች፦ ቅጹ ላይ «የደንበኛው ግብ፣ በራሱ ቃል» የሚል ክፍት ቦታ አለ።

* * *

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ።

ታናሽ ወንድሜ በ2008 ዓ.ም. የቀን ሥራ እየሠራ ከሕንፃ ላይ ወደቀ። ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፤ አይሰማውምም። ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስሄድ እሱ አልጋ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ 150 ዶላር እልካለሁ። አንድም ወር አላሳለፍኩም። ይህንን ለራሴ ስነግረው ደረቴ ይነፋል። «ወንድሜን አልረሳሁም» እላለሁ።

በ2011 ዓ.ም. አገር ቤት ስገባ ዊልቸር ይዤለት ሄድኩ። የሚታጠፍ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የምታዩት ዓይነት። ሰፈሩ ተሰብስቦ መረቀኝ። እናቴ አለቀሰች። ፎቶ ተነሳን።

ከዓመታት በኋላ ዳላስ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያ ዊልቸር ስክሪኑ ላይ መጣ። መምህሯ «ይህ በሽተኛን ከክፍል ወደ ክፍል ለማመላለስ የተሠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥበት ሰው አይሰጥም» አለች። ምክንያቱን ዘረዘረች። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። የማይሰማው ሰው እንደ እኛ ሲመቸውና ሲቆረቁረው አይገላበጥም፤ ስለዚህ ክብደቱን በየጊዜው ማንሳት መልመድ አለበት፤ ትክክለኛ ትራስም ያስፈልገዋል። ትራሱ ለድሎት አይደለም፤ ከሌለ ሥጋው ይሞታል። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ከሆኑ ድንጋይ ላይ ይነክሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር ለሰውየው አካልም ለሚኖርበት መሬትም መስማማት እንዳለበት ይናገራል።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ወንድሜ እኔ ወደ አሜሪካ ከተመለስኩ በኋላ መቀመጫው ላይ ቁስል ወጥቶበት አምስት ወር በሆዱ ተኝቷል። ቤተሰቡ «እንዲያው ዕድሉ ነው» አለ። እኔም የሕክምናውን ላክሁና ዕድሉን ረገምኩ። ለካ ቁስሉን በሻንጣ ጭኜ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሰፈሩ መርቆኝ፣ ፎቶ ተነስቼ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደቻለበት ሸሸ። ወንድሜ «ተዉኝና ሂዱ» አላቸው። ያ ዊልቸር በኮብልስቶኑ ላይ ሁለት መቶ ሜትር አይሄድም። እናቴ «አብሬው እሞታለሁ» ብላ ቀረች። ስልክ ተቋረጠ። ሳምንታት ሙሉ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ሌሊት ሌሊት የሰው መኪና ስጠብቅ አደርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱም ተረፉ። ግን አስቡት፤ በጦርነት ቀን ለማምለጥና ላለማምለጥ ልዩነቱ የፊት ጎማ ስፋት ሊሆን ይችላል።

* * *

በቀጣዩ ሴሚስተር አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። አካል ጉዳት ያለበትን ሰው አነጋግራችሁ የሥራ ግቡን በራሱ ቃል ጻፉ የሚል ነው። ቀላል ብዬ ወደ ወንድሜ ደወልኩ።

«እንግሊዝኛውን እኔ አስተካክለዋለሁ፤ ዝም ብለህ መልስልኝ» አልኩት። «መሥራት ብትችል ኖሮ ምን ትሠራ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለ። «ወንድም ጋሼ፣ ‹ብትችል ኖሮ› አትበለኝ። ምን መሥራት ትፈልጋለህ በለኝ።»

እሱ ኮርሱን አልወሰደም። እኔ ግማሹን ጨርሻለሁ።

«እሺ፣ ምን መሥራት ትፈልጋለህ?»

«ሞባይል መጠገን። ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ እየጠገንኩ። የሰፈሩን ስልክ የሚሠራው ማን መሰለህ?»

አላውቅም ነበር። በየሳምንቱ እየደወልኩ አላውቅም ነበር። ከዩቲዩብ ነው የተማረው። የሚጠግነው አልጋው ላይ ሆኖ ነው፤ ገንዘብ አይቀበልም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እማዬ አትፈልግም» አለኝ። እናቴን ስጠይቃት ደግሞ «ምን ጎደለበት? አንተ ትልክለት የለም ወይ? በሽተኛ ልጇን ታሠራለች ልባል?» አለች። በእሷ ቤት ፍቅር ማለት ይህ ነው፤ ልጇ ምንም እንዳይነካ አድርጋ ማኖር። በእኔ ቤት ደግሞ ፍቅር ማለት 150 ዶላር ነበር። ሁለታችንም ወደን ቆልፈንበት ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ?» አለኝ ወንድሜ ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት። «ለላክልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንዲህ ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ስምንት ዓመት።»

የቤት ሥራዬ ጥሩ ውጤት አገኘ። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

* * *

ይህን የግል ጉዳይ ለእናንተ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ቻናል ላይ የምንሰባሰበው ስለ አገር ለማውራት ነው፤ ይህም የአገር ጉዳይ ነው።

ሕግ የለንም አትበሉኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር ላይ ማግለልን ይከለክላል። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ባለሙያም የለንም አትበሉኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል፤ ከከተማው ወጥቶ ቤት ለቤት የሚሠራ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራምም አለው።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል። አቋቁማቸዋለሁ ብሎ የተነሳው ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ነው። ቁጥሩን ቆም ብላችሁ እዩት። ከእነዚህ ውስጥ አካሉ የጎደለ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ እንቅልፍ የከዳው ስንት ይሆን? ከተዋጊው ውጪስ በየቤቱ የተኛው ሲቪል?

ጥያቄዬ አንድ ነው። የቀድሞ ተዋጊው ትጥቁን አስረክቦ፣ ጥቂት ቀን ሠልጥኖ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» የሚል ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ አለ ወይ? ወይስ ሁሉም ዶሮ አርቢ ይሁን ተብሎ ተወስኗል? አንድ ሰው የሌላ ሰው ዕቅድ ተሸክሞ ቤቱ ከገባ ያ ማቋቋም አይባልም። የአጎቴ ልጅ ካናቴራ ነው፤ ጽሑፉ ብቻ ተቀየረ።

«ድሃ አገር ነን፣ ይሄ የሀብታም ወግ ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ትራሱም፣ ዊልቸሩም፣ ባለሙያውም ገንዘብ ይፈልጋል። መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም። እንዲያውም ሳይጠይቁ መስጠት ነው ገንዘብ የሚያባክነው። የእኔ ዊልቸር ምስክር ነው።

ለዚህ ነው ይህ ትምህርት አገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለባለሙያዎቹ ብቻ መተው የለበትም የምለው። አማካሪው ለብቻው ምን ያደርጋል? ደረጃውን የሚሠራው ኢንጂነር ነው። በጀቱን የሚሰርዘው እንደ እኔ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቅጥሩን የሚከለክለው የሰው ሀብት ኃላፊ ነው። አንድ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ስድስት ኮርስ ቢከብደው ሁለት ብቻ ይውሰድ። ያን ጊዜ ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ብሎ የሚሠራው ነገር ሰው የሚጥል ቁልቁለት አይሆንም።

* * *

ስለ መወጣጫ ካነሳሁ የቤታችንን ልንገራችሁና ላብቃ።

የግቢያችን በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ በድምሩ 45 ሳንቲ ሜትር። ወንድሜን ስምንት ዓመት ቤት ያስቀመጠው ይኸው 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንበኛ ጠራንና በሁለት ቀን ጨርሶ ፎቶ ላኩልኝ። ሳየው የውኃ መውረጃ ይመስላል፤ አንድ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው ርዝመቱ። «ይፍረስ» አልኩ። እናቴ «ሲሚንቶ ተወዷል እኮ!» ብላ ጮኸች። እኔ ግን ተምሬዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 45 ሲባዛ በ12፣ አምስት ሜትር ከ40። ግንበኛው «ለሲኖትራክ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ቦታ ስላልበቃ መሐል ላይ ማረፊያ ሠርቶ አጠፈው። የፈጀው ሁሉ ከአንድ ወር መላኪያዬ አነሰ።

አሁን ወንድሜ ረጅም መሠረት ያለውና የፊት ጎማው ሰፊ የሆነ ዊልቸር አለው። ሲለካ ራሱ ነበር፤ እኔ አልመረጥኩለትም። በር ላይ ጠረጴዛ፣ ማጉያ መነጽር፣ መበየጃና ጃንጥላ ይዞ ይቀመጣል። እናቴ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም፤ አፍራ። በሦስተኛው ሳምንት ቡና አፍልታ ለደንበኞቹ አወጣች አሉ።

ባለፈው እሑድ ስደውል እሱ አነሳ። ከጀርባው የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰው አለብኝ፤ ቶሎ በል» አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ «ሥራ አለብኝ» ብዬ የምዘጋው። «በዚህ ወር ግማሹን ብቻ ላክ። የቀረውን ለራስህ ትምህርት አድርገው።»

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ፣ ወይም በየወሩ ገንዘብ የምትልኩለት፣ የሚወደድ ግን ያልተጠየቀ ሰው ካለ ዛሬ ደውሉለት። «ምን ልላክልህ?» አትበሉት። «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ቸር እንሰንብት።